ስድስተኛው ትምህርት

ታኅሣሥ 3 ቀን

ለመምህርት፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መልሴ የዘገየው በቂም አይደለም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ አንድ መስመር ለመጻፍ እጅጌ የምገጥምበትን ያህል ጊዜ ይፈጅብኛል። ስሕተት ካገኙ እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ አያርሙብኝ።

መርዶውን ማን እንደነገረኝ ጠይቀውኛል። እርስዎ ያን ሰዓት ከልጄ ጋር ሆስፒታል ስለነበሩ፣ ቤቴ የመጣችው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት። ዓርብ፣ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ። ልጄ በአስር ሰዓት ተኩል ነበር የምትገባው። ዘግይታለች፤ ግን ተማሪዎች የምታስታርቅበት ቀን ሲሆን ትዘገያለችና ልቤ ምንም አልጠረጠረም። የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። ጸሐፊዋ ገባች። ቁጭ በይ ስላት አልቀመጥም አለች፣ ከዚያ ተቀመጠች።

"ለአንዲት ልጅ ጉርድ ቀሚስ ላሰፋ ነበር" አለችኝ።

"ልኳን ይዘሻል?"

"ይዣለሁ።"

የልክ ደብተሬን አወጣሁ። "ርዝመት?" ስላት "ስልሳ" አለች። "ወገብ?" ስላት "ሰማንያ ስምንት።" "ዳሌ?" ስላት ግድግዳውን ትክ ብላ እያየች "ሰባ" አለች። ጻፍኩ። የጻፍኩትን መልሼ ሳየው ሳቄ መጣ።

"አንቺ፣ ወገቡ ከዳሌው በለጠ እኮ። እንዲህ ያለ ሰው አልተፈጠረም። ይህን ቀሚስ የለበሰች ልጅ በሁለት እጇ ይዛው ልትሄድ ነው?" አልኳት።

እሷ አልሳቀችም። እጄን ያዘችው፤ እርሳሱ በሁለታችን መዳፍ መሃል እንዳለ። ከዚያ በኋላ ምንም መናገር አላስፈለጋትም።

ያቺ ገጽ አሁንም ደብተሬ ውስጥ አለች። ለማንም የማይሆን ልክ ነው፤ መቅደድ ግን አልቻልኩም።

እንዴት እንደወደቀች ነግረውኛል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያላለቀው ሕንፃ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ መደገፊያ ያልተሠራለት ደረጃ። ረዥሙ የሚሉት ልጅና የክፍሉ ልጅ ሊደባደቡ ተቀጣጥረው ነበር፣ ልጄ መሃላቸው ልትገባ ሄደች። ሆን ብሎ የገፋት የለም ይላሉ። እሺ ብያለሁ። ከዚህ በላይ ስለ አወዳደቋ አልጽፍም፤ እርስዎም እንዳይጽፉልኝ እለምናለሁ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በአስታራቂ ተማሪዎቹ ክፍል አረንጓዴ ሽፋን ያለው መዝገብ ነበር። ልጄ በዚያ ሳምንት ረቡዕ እነዚያን ሁለት ልጆች አስቀምጣ ካነጋገረች በኋላ የጻፈችበት ገጽ አለ። ፖሊሶቹ አይተው ለእርስዎ መልሰዋል ብላኛለች ጸሐፊዋ። እርስዎም ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ይዘውት ሄደዋል። ያችን ገጽ ይላኩልኝ። የመጨረሻ ጽሕፈቷ ናት።

"ይቅር ይበሉኝ" ብለው ጽፈዋል። ለምኑ እንደሆነ ግን አልጻፉም።

የልጅቷ እናት

—

ታኅሣሥ 16 ቀን

የተከበሩ እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወንድሟስ እንዴት ነው? ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል፤ ረዥሙም፣ በኋላ የላኩት አጭሩም። እባክዎ አንቺ ይበሉኝ። እርስዎ ብለው ሲጽፉልኝ ከበር ውጭ እንደቆምኩ ይሰማኛል፤ ምናልባት ቦታዬ እዚያው ይሆናል።

እኔ ደህና ነኝ። የተከራየሁት ክፍል ከመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲወድቅ እሰማለሁ። አዲሱ ትምህርት ቤት ሰፊ ነው። ርዕሰ መምህሩ ማኅደሬን አይተው "እዚህም የእኩዮች ሽምግልና አስጀምሪልን፤ ተማሪዎቻችን በየሳምንቱ ነው የሚፈነካከቱት" ብለውኛል። መልስ አልሰጠሁም። ልጀምር? ይህን እርስዎን መጠየቄ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ሌላ የምጠይቀው ሰው ግን የለኝም።

በአጭሩ ደብዳቤ ምን እንዳስተማርኳቸው ጠይቀዋል። ከትንሹ ነገር ልጀምር፣ ከወንበሩ። ሦስት ወንበር እናደርጋለን፣ ጠረጴዛ መሃል አይገባም። የተጣሉት ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አስታራቂው ደግሞ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ልጅዎ ይህን አንድ ቀንም አልረሳችም፤ ሌሎቹ ሲረሱ እሷ ነበረች ወንበራቸውን የምትጎትትላቸው። ከዚያ ተራ ጠብቆ መናገር፣ የሌላውን ቃል ሳያጣምሙ መድገም፣ አለመፍረድ። ከዚያ ደግሞ፣ በክፍሉ የተባለ ከክፍሉ አይወጣም።

ገጹን ያልላክሁት በዚህ በመጨረሻው ምክንያት ነው። ሁለቱ ልጆች በሕይወት አሉ፣ ገና ልጆች ናቸው፣ እዚያ የተናገሩት የእነሱ ነው። ልጅዎ ራሷ ብትኖር አትሰጥም ነበር። አይቀየሙኝ።

አክባሪዎ፣ መምህርቷ

—

ጥር 4 ቀን

ለመምህርት፣

እንደምን ከረሙ? እኛ አለን። እኔና ታናሽ ወንድሟ፣ ከስፌት መኪናው ጋር ሦስት ነን።

ልጀምር ወይ ላሉት፣ ገጹን ሳላይ መልስ የለኝም። ልጄ ብትኖር አትሰጥም ነበር ብለዋል። ብትኖር እኔም አልጠይቅዎትም ነበር።

ወንበሩን ካነሡት እኔም ላንሣው። ስልጠናውን በጀመረች ሳምንት ሳሎናችንን ክፍል አደረገችው። እኔንና ወንድሟን ፊት ለፊት ታስቀምጥና እሷ በሩ አጠገብ ትሆናለች። የሁለታችን ጠብ በመስኮቱ ጠረጴዛ ነበር፤ እኔ ጨርቅ ልቆርጥበት፣ እሱ የቤት ሥራ ሊሠራበት።

"ጢም ሳታወጪ ሸመገልሽ?" ይላታል።

"ተራህ አይደለም። እማዬ እየተናገረች ነው።"

እኔ እሱ ሲናገር ጣልቃ ስገባ ደግሞ "እማዬ፣ አቋረጥሽው። መጀመሪያ እሱ ያለውን ድገሚልኝ" ትለኛለች። እደግማለሁ። ሳላጣምም መድገም እንዴት ከባድ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት።

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዳኛዬ ነበር የምላት፤ ብርቱካን ስታካፍል ፍሬውን ቆጥራ ነበርና የምትሰጠን። ከስልጠናው በኋላ ይህን ስም ከለከለችኝ። "ዳኛ አይደለሁም። እኔ አልፈርድም፣ እሰማለሁ" አለችኝ። ጠረጴዛው እስከ አስራ ሁለት ሰዓት የእኔ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ የእሱ። የፈረምንበት ወረቀት ግድግዳው ላይ አለ። እስካሁን እናከብረዋለን። አስራ ሁለት ሲል ጨርቄን አነሣለሁ፣ እሱም ይቀመጣል፤ ማንም አያስታውሰንም።

ሁለቱን ወንበሮች ወደ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ። ሦስተኛው እንደነበረ በሩ አጠገብ ነው። አስር ሰዓት ተኩል ሲሆን የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ እሰማለሁ፤ ሰው ስቦ ሲቀመጥበት እንደሚያሰማው ድምፅ። ዞር ስል ማንም የለም። ነፋስ እንዳልል በሩ ዝግ ነው። አንድ ቀን ወንድሟን "ሰማህ?" አልኩት። ከደብተሩ ቀና ሳይል "አዎ" አለ። ገጹን ገለጠና "አንቺም ትሰሚያለሽ ማለት ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላነሣነውም።

እዚያ ተቀምጣ የሆነ ነገር የምትጠይቀኝ ይመስለኛል። መልስ ስትጠብቅ እንደምታደርገው ዝም ብላ። ስለዚህ ስሠራ ስፒል በከንፈሬ መያዝ ትቻለሁ፤ የሃያ ዓመት ልማዴ ነበር። አሁን ትንሽ የጨርቅ ትራስ ክንዴ ላይ አስሬ እሱ ላይ እሰካዋለሁ። ደንበኞቼ "ምነው?" ሲሉኝ ጥርሴን ያመኛል እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት የረዥሙ እናት መጣች። ልጇ ከትምህርት ታግዷል። የደንብ ልብሱን ሱሪ ይዛ "አጥሮበታል፣ እጥፋቱ ቢለቀቅለት" አለችኝ። ከቤቷ እስከ እኔ ድረስ አራት ልብስ ሰፊ ታልፋለች። ሌላ የመምጫ ምክንያት ያጣች መሰለኝ። ተቀበልኳት። ልኩን ደብተሬ ላይ ስጽፍ ቆማ ቀረች፣ ከዚያ ሄደች።

እጥፋቱን ስተረትረው ጠረጴዛዬ ላይ ግራጫ አሸዋና የሲሚንቶ ፍርፋሪ ፈሰሰ። ያን ቀን የለበሰው ሱሪ ነው። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፤ እጥፋት ውስጥ የገባ ግን አይወጣም። ጠርጌ መጣል አቃተኝ። በልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ውስጥ ጨመርኩት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የልጄ የምስክር ወረቀት "ስድስት ትምህርቶችን ያጠናቀቀች" ይላል። ደብተሯን ከአንድ እስከ መጨረሻው አገላብጫለሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ "ስድስተኛ ትምህርት" ብላ ጽፋ አስምራበታለች፤ ከሥሩ ባዶ ነው። ልጄ ትምህርት የምትዘልል ልጅ አይደለችም። ስድስተኛው ምን ነበር?

የልጅቷ እናት

—

ጥር 19 ቀን

የተከበሩ እናቴ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን የምጽፈው በክፍል ውስጥ ነው፣ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ናቸው፤ ተነሥቼ ልቀደው አልችልም።

ስድስተኛውን አላስተማርኳቸውም።

ጥፋቱን ለማንም አላካፍልም፤ የሆነውን ብቻ ልንገርዎት። ለአስታራቂዎቹ አስራ ሁለቱን አረንጓዴ የክንድ ጨርቆች ሰፍተው ቀድመው ልከውልን ነበር፤ ያስታውሳሉ። የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህራችን አዩዋቸውና በጣም አማሩ አሉ። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ከትምህርት ቢሮ ጎብኚዎች ይመጡ ነበር። "ልጆቹን ለምን ያኔ አናስመርቃቸውም?" አሉኝ። "አንድ ትምህርት ይቀረናል" አልኳቸው። "ከምረቃው በኋላ ትሰጪያቸዋለሽ፣ የሚጠፉ ልጆች አይደሉም" አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ምስክር ወረቀቱ ቀድሞ ስድስት ተብሎ ታትሟል። ጨርቁን በክንዳቸው አሰርኩላቸው፣ ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሣን። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና መጣ። ከዚያ የውጤት ሥራ። ሁልጊዜ "ሰኞ" እል ነበር።

ስድስተኛው ትምህርት አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በክፍሉ የተባለ ሁሉ ክፍሉ ውስጥ አይቀርም የሚል ነው። ስለት ወይም ብረት የያዘ ካለ፣ ለድብድብ የተቀጣጠረ ካለ፣ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ያሰበ ካለ፣ አስታራቂው ዝም አይልም። ያን ጊዜውኑ ወጥቶ ለትልቅ ሰው ይናገራል። ይህ መክዳት አይደለም ብለን እናስረዳቸዋለን። አስታራቂው በሩ አጠገብ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው፤ ማንም ሳይከለክለው ወጥቶ ሰው እንዲጠራ። እኔ ግን በሦስተኛው ትምህርት ስለ ወንበሩ ስነግራቸው "ምክንያቱን በስድስተኛው ታውቃላችሁ" ብዬ አለፍኩት። መምህር እንደሚያደርገው፣ ለማጓጓት።

ልጅዎ ስድስተኛው መቼ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ሁለተኛው በወደቀችበት ሳምንት ሐሙስ ነው። ኮሪደር ላይ የፈተና ወረቀት ተሸክሜ ስሄድ ከኋላዬ መጥታ "መምህርት፣ ስድስተኛውን ዛሬ ልትነግሪኝ ትችያለሽ? ለብቻዬ" አለችኝ። "ሰኞ፣ የኔ ቆንጆ" አልኳት። ወረቀቱ እንዳይወድቅብኝ በአገጬ ይዤው ነበር፤ ፊቷን እንኳ በደንብ አላየሁትም።

ይቅር ይበሉኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ርዕሰ መምህሩም ፖሊስም አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። እርስዎ ደብተር አገላብጠው አገኙት።

አንድ ነገር ደግሞ ዋሽቼዎታለሁ። ገጹን የያዝኩት በሕጉ ምክንያት አይደለም። ሕጉን ተከለልኩበት። ገጹ ላይ እርስዎን የሚመለከት አንድ መስመር አለ። አንብቤው ስጨርስ ይህን እናቷ ማየት የለባትም አልኩ። አሁንም እንደዚያ ነው የማስበው።

እንደፈለጉ ያድርጉኝ።

መምህርቷ

—

ጥር 26 ቀን

አንቺ በዪኝ ብለሽኝ ነበር። እሺ። ስለዋሸሽኝ አይደለም፤ መዋሸትሽን ስለነገርሽኝ ነው።

ተናድጃለሁ። ሁለት ቀን መቀስ መያዝ አልቻልኩም። ጨርቆቹን ቀድሜ የሰፋሁት ልጄ ስለቸኮለች ነበር፤ "ቶሎ በይ እማዬ" ስትለኝ ሌላ ሥራ አቁሜ ሰፋሁላት። ይህንንም አሁን ተሸክሜዋለሁ።

መስመሩን ግን የማውቀው ይመስለኛል። የምጠይቅሽ ለማወቅ አይደለም፤ እንዴት አድርጋ እንደጻፈችው ለማየት ነው። እኔን ለማዳን ብለሽ አትያዢው። እኔ የምድን ከሆነ በሱ ነው።

ገጹን ላኪው።

—

የካቲት 5 ቀን

እናቴ፣

ይኸው። ከመዝገቡ በምላጭ ቆርጬዋለሁ፤ ጠርዙ የተጎዳው በእኔ ነው። መንገድ ላይ ከጠፋ ብዬ ቃል በቃል ከዚህ በታች ገልብጬዋለሁ። ከላይ ያለው በሰማያዊ፣ ከታች ያለው በጥቁር ነው፤ በተለያየ ቀን ስለጻፈችው። የሐሙሱን መዝገቡን ይዛ ቤት ወስዳ ነው የጻፈችው።

*ረቡዕ። የመጡት፦ ሁለት። ምክንያት፦ አንዱ የሌላውን እናት ሰደበ፣ ሌላው ደብተሩን ሽንት ቤት ጣለበት። ሁለቱም ተናገሩ፣ ሁለቱም ደገሙ። ረዥሙ ሲደግም አጣመመ፣ እንደገና አስደገምኩት። ፈርመዋል። እጅ ተጨባብጠዋል፣ ግን ሳይተያዩ።*

*ሐሙስ። ትናንት ወንበር ስመልስ ረዥሙ "ዓርብ ከትምህርት በኋላ አዲሱ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይለያል" ሲለው ሰምቻለሁ። ብረት አለው፣ ቦርሳው ውስጥ አሳየው። ክፍሉ ውስጥ ስለሆነ ከክፍሉ አይወጣም። መምህርት ስድስተኛው ሰኞ ነው አለች፣ ሰኞ ደግሞ ሩቅ ነው። እማዬን የማን እንደሆነ ሳልነግር ጠየቅኋት፤ "በአደራ የሰማሁትን ለሌላ ሰው ብናገር ከዳሁ ማለት ነው?" አልኳት። አዎ አለችኝ። ስለዚህ ለማንም አልናገርም። ራሴ ሄጄ እንደገና አስደግማቸዋለሁ። ወንበር ስለሌለ ቆሜ። እኔ ደረጃው በኩል እቆማለሁ፣ እዚያ በሩ እሱ ስለሆነ።*

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አሁንም በእንቅልፌ አነባታለሁ። በሩ አጠገብ ያቆምኳት እኔ ነኝ።

መምህርቷ

—

የካቲት 21 ቀን

ልጄ ሆይ፣

ገጹ ደርሶኛል። ጠርዙ ምንም አልሆነም፤ የጨርቅ ከረጢት ሰፍቼለታለሁ።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን አንድ ነገር እነግርሻለሁ።

ያን ሐሙስ አስር ሰዓት ተኩል ላይ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየሰበሰብኩ ነበር። ስፒሎቹን በከንፈሬ ይዣለሁ፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ይሆናሉ። ልጄ መጥታ ወንበሯን ሳበች፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ያንን ጥያቄ ጠየቀችኝ። አፌን ብከፍት ስፒሎቹ ይበተናሉ። ቀሚሱ ነጭ ነው፣ ለነገ ይፈለጋል። ዞር ሳልል "እምም" አልኩ።

አዎ አላልኩም፣ አይደለምም አላልኩም። "ቆይ፣ ስፒል ይዣለሁ" ማለቴ ነበር። እንዲህ ያለው እምምታዬ በቤታችን የታወቀ ነው፤ ወንድሟ "እማዬ በስፒል ቋንቋ እሺ አለች" እያለ ያሾፍብኛል። እሷ ትንሽ ጠበቀች። እየጠበቀች እንደሆነ አውቄያለሁ። ይህችን ስፌት ልጨርስ ብዬ አንድ መርፌ ቀጠልኩ፣ ከዚያ ሌላ። ወንበሩ ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ፣ ተነሥታ ሄዳለች። ስፒሎቹን ከአፌ ሳወጣ ምን ብላኝ እንደነበር ረሳሁት።

በየቀኑ የምሰማው ድምፅ ስትቀመጥ የሚሰማው አይደለም ማለት ነው። ስትነሣ ነው። ይህን ያወቅሁት ገጿን ካነበብኩ በኋላ ነው።

አንቺ ወረቀት በአገጭሽ ይዘሽ፣ እኔ ስፒል በከንፈሬ ይዤ፣ በአንድ ቀን። ልጄ በሁለት በር ዞራ ሁለቱም "ቆይ" ብለዋታል። አንቺ ብቻሽን እንዳትሸከሚው ብዬ ነው የምነግርሽ። ለመካፈልም አይደለም፤ እንደ ብርቱካን ተቆጥሮ የሚካፈል ነገር አይደለም። ሁለታችንም ሙሉውን ይዘነዋል።

የረዥሙ እናት ሱሪውን ልትወስድ ቅዳሜ መጣች። ሁለቱን ወንበሮች አመጣሁ፣ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሦስተኛው በሩ አጠገብ እንዳለ ነው። ወንድሟ ከጓዳ ብቅ ብሎ አየን፣ ወንበሩንም አየ፣ ተመልሶ ገባ። መጀመሪያ እሷ ተናገረች። ልጇ ደረጃ መውጣት አይችልም፤ ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ስለሆነ አጎቱ ዘንድ ምድር ቤት ነው የሚያድረው። "የመጀመሪያውን እርከን ረግጦ ይመለሳል። የቤታችን ደረጃ ስንት እርከን ነው ብለው ሲጠይቁት ሃያ አንድ ይላል። የእኛ ግን አስራ አራት ነው" አለችኝ። የዚያኛው ሕንፃ ነው ሃያ አንድ የሆነው።

ስትጨርስ ያለችውን ደገምኩላት። ሳላጣምም። ከዚያ እኔ ተናገርኩ፣ እሷም ደገመችልኝ። "ልጄን እወዳታለሁ አልሽ" አለችኝ። እንደዚያ አላልኩም ነበር። አላረምኳትም።

ከቆርቆሮው አሸዋውን አወጣሁላት። ምን እንደሆነ ሳልነግራት አወቀችው። መዳፏን ዘረጋች፣ እኩሉን ሰጠኋት፣ እኩሉን እኔ ያዝኩት። ይቅር አላልኳትም፤ እሷም በዪኝ አላለችኝም። እጥፋቱን ግን እስከ መጨረሻው ለቅቄለት ነበር፤ ገና የሚያድግ ልጅ ነው።

ወንበሩን በተመለከተ፣ አዙሬዋለሁ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቼ ፊቱን ወደ ስፌት መኪናዬ አድርጌዋለሁ። አስር ሰዓት ተኩል ሲሆን እጄን አቆማለሁ፣ ዞር እላለሁ፣ አፌ ባዶ ነው። "በዪ፣ እየሰማሁሽ ነው" እላለሁ። ወንድሟ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር። አሁን እሱም ደብተሩን ይከድናል። ድምፁ አልቀረም። እንዲቀርም አልፈልግም።

ልጀምር ወይ ላልሽው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ጀምሪ። ግን ከስድስተኛው ጀምሪ። እሱን ሳይሰሙ ሌላውን አምስት እንዳትነግሪያቸው፤ ጎብኚ ቢመጣም፣ ፈተና ቢደርስም፣ የክንድ ጨርቁ ተሰፍቶ ቢያልቅም። ጨርቁን እኔ እሰፋዋለሁ፤ ግን ስድስተኛውን ጨርሰናል ብለሽ ስትጽፊልኝ ነው የምልከው።

ተማሪዎችሽ በመጀመሪያው ቀን የሚያነቡት ነገር ያስፈልጋቸዋል ብዬ አሰብኩ። ጽፌዋለሁ። ከዚህ ጋር ነው።

ሰላም ሁኚልኝ፤ ስትጽፊም በብረት ድምፅ መሃል አትጻፊ፣ ጆሮሽን ያደክመዋል።

የልጅቷ እናት

—

ለአስታራቂ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ክንዳችሁ ላይ የምታስሩትን አረንጓዴ ጨርቅ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ቢሰፋችሁ ወይ ቢጠብባችሁ በመምህርታችሁ በኩል ላኩልኝ፣ አስተካክላለሁ።

መምህርታችሁ ዛሬ የምትነግራችሁ ትምህርት ዘግይቶ የደረሰ ትምህርት ነው። ልጄ ሳትሰማው ሄደች። አስራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሰው ሲናገር አታቋርጥም። ወንበሯን ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ታደርጋለች፣ ለምን እንደሆነ ግን አልተነገራትም። እናንተ ሲነገራችሁ በደንብ ስሙ።

የከበደ ነገር ስትሰሙ ለትልቅ ሰው ንገሩ። የምትነግሩት ሰው ሥራ ይዞ ከሆነ፣ እጁ ሞልቶ ከሆነ፣ አፉም ሞልቶ ከሆነ አትሂዱ። ልብሱን ጎትቱ። የያዘውን ጣሉበት። ቢቆጣ ይቆጣ። "ቆይ" ቢላችሁ እዚያው ቆማችሁ ሁለተኛ ጠይቁ፣ ሦስተኛም። እምምታን እንደ መልስ አትቀበሉ። እኛ ትልልቆቹ አንዳንድ ጊዜ የምንሰማ እንመስላለን እንጂ አንሰማም።

ያን ቀን የተጣሉትን ሁለቱንም ልጆች አስቡልኝ፤ ረዥሙንም። እሱም ልጅ ነው፣ ደረጃ መውጣት አቅቶታል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ክርስቲያንም ሆናችሁ ሙስሊም፣ እንደየእምነታችሁ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ለአንድ አፍታ ለልጄ ጸልዩላት። ፈጣሪ ነፍሷን በማረፊያው እንዲያሳርፍላት፣ እዚያም ጠይቃ ወዲያው መልስ የምታገኝበት ቦታ እንዲያደርግላት። ቤት ስትገቡ ለእናቶቻችሁ ንገሯቸው፣ እነሱም ይጸልዩላት። በክፍሉ የተባለ ከክፍሉ አይወጣም ብትባሉም፣ ይህን ጸሎት ግን ከክፍሉ አውጡልኝ።